የባሩድ ግራ ታፋ

ካርቱም ከርሞ የመጣ ሰው "ምን ስትሠራ ነበር?" ሲባል መልሱ ዝግጁ ነው። ሴቷ ቤት ሳጸዳ፣ ልጅ ሳሳድግ ትላለች። ወንዱ ሱቅ ነበረኝ ይላል፤ የማን ሱቅ ብሎ የሚጠይቀው የለም። እኔ ግን ጥያቄው ሲመጣ ትንሽ ያስለኛል። ዓባያችን ካርቱም መሀል ከመግባቱ በፊት ጀሪፍ በሚባል ሰፈር ዳር ያልፋል፤ እዚያ ሰፈር፣ አንድ ግቢ ውስጥ፣ የፈረስ ታፋ ስዳብስ ነው የከረምኩት። እናቴ እንኳ አልዋጥ ብሏት ነበር። በስልክ "ሥራሽ ምንድን ነው ልጄ?" ብትለኝ "የፈረስ ጡንቻ እከታተላለሁ" አልኳት። "እዚያ አገር ሰው የለም?" አለችኝ።

ሰውማ ነበር። ስገባም የገባሁት ለሰው ነው፤ የሐቡባ ነፊሳን ቤት ላጸዳ፣ ምግባቸውን ላበስል፣ ሲደክማቸው እግራቸውን ላሽ። ሐቡባ ማለት በሱዳኖች አያት ማለት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ፣ በዕድሜ የሚበልጧቸው ጭምር፣ ሐቡባ ነው የሚሏቸው። ሰውነታቸው ትንሽ፣ ቶብ የሚሉት መጎናጸፊያቸው ትልቅ፣ አልጋቸውን ከኒም ዛፍ ሥር አዘርግተው ግቢውን ከዚያ ሆነው የሚያስተዳድሩ ሴት ነበሩ። ስለ እሳቸው አንድ ነገር ካወቃችሁ ሁሉንም አወቃችሁ፤ የሰው ዓይን ይፈራሉ። እንደ ሌላው ሰው ፈራ ተባ ማለት አይደለም። ዶሮዋ እንቁላል ከጣለች ለጎረቤት "ታማለች" ይላሉ። ወጡ ከጣፈጣቸው "ጨው በዝቶበታል" ብለው ያስጨምራሉ።

እኔ ደግሞ ልፈርድባቸው የምችል ሰው አይደለሁም። ወሎ ነው ያደግሁት። እኛ ዘንድ የሚያምር ሕፃን ሲያዩ እትፍ እትፍ ብለው፣ "ምን ያስጠላል" እያሉ ነው የሚስሙት። እኔ ራሴ አስቀያሚ ነኝ ብዬ አምኜ ነው ያደግሁት፤ ለአቅመ መስታወት ስደርስ ልጠይቅ ሄድኩ፣ መስታወቱም ብዙ አልተከራከረም። እና በዚህ በኩል ከሐቡባ ጋር አንድ ልብ ነበርን።

ያልተግባባነው በሐሊማ ብቻ ነው። ሐሊማ ከእኔ በፊት እዚያ ቤት የሠራች ያገሬ ልጅ ናት፤ ጅዳ ሄዳለች። እንግዳ በመጣ ቁጥር ሐቡባ "ሐሊማ ወርቅ ነበረች። ሐሊማ ያጠበችው ቶብ ይበራ ነበር" ይላሉ። "ይህቺኛዋስ?" ሲሏቸው፣ እኔ ሻይ ይዤ እዚያው ቆሜ፣ ከእግር እስከ ራሴ ያዩኝና "ምስኪን፣ ምንም አትረባም። ሰነፍ ናት" ይላሉ። ሻዩን አስቀምጬ ወጥ ቤት እገባና ድስቱን ያለ ጥፋቱ እፈትገዋለሁ። ሐሊማን በዓይኔ አይቻት አላውቅም፤ እንደ እሷ የጠላሁት ሰው ግን የለም።

ወደ ፈረሱ ልመለስ። ባሩድ ይባላል፤ ጥቁር ነው፣ ግንባሩ ላይ ነጭ አለው። የሐቡባ ልጅ የሙዕታሲም ፈረስ ነው። በደህና ጊዜው እሽቅድምድም ይሮጥ ነበር አሉ። አንድ ቀን ከሜዳ ሲመለስ ቦይ ውስጥ ገባና የኋላ ግራ እግሩን ተጎዳ። እግሩስ ዳነ፤ ግን ለወራት ታስሮ ስለቆመ የግራ ታፋው ሟሸሸ። ከኋላው ሆናችሁ ስታዩት ቀኙ ገና የተሞላ ትራስ፣ ግራው ብዙ የተተኛበት ትራስ ይመስል ነበር። ሙዕታሲም በዚያው ሰሞን ዓረብ አገር ሥራ አገኘ። ፈረሱን የሚጠብቀው ሰውዬ ደግሞ ለአዝመራ ብሎ አገሩ ገባና በዚያው ቀረ። ሙዕታሲም ሊሄድ ሻንጣውን ሲዘጋ ቀና ብሎ አየኝ።

"አንቺ ሐበሻ አይደለሽም? እናንተ አገር ፈረስ ይታወቃል" አለኝ።

"ኡስታዝ፣ እኔ የማውቀው የጎረቤታችንን ነው። እሱም በቅሎ ነበር" አልኩት።

"ያው ነው" አለና ሻንጣውን ቆለፈ። እንዲህ አድርጌ ባልደራስ ሆንኩ።

በሩ ላይ ሲደርስ ግን ፊቱ ተለወጠ። "እናቴ ፊት ልናገረው" አለ። "ለዒድ እመጣለሁ። እስከዚያ የግራ ታፋው ከቀኙ ካልተስተካከለ ባሩድን እሸጠዋለሁ። የማይጋለብ ፈረስ አስሬ አልቀልብም። ዓም ጁማ ለካሮ ይፈልገዋል።" ካሮ የሚሉት ጋሪውን ነው። ዓም ጁማ የሐጅ ዩሱፍ ሰፈር ሰው ነው፤ ከጀሪፍ ጡብ ማቃጠያዎች ጡብ እየጫነ ያመላልሳል። አንድ ታፋው በሟሸሸ ፈረስ ጡብ ማስጎተት ምን እንደሚሆን ለመገመት ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ባሩድ ይህ ሁሉ ሲባል ምንም ሳያውቅ አፍንጫውን ብብቴ ሥር ከቶ ይተነፍስብኝ ነበር። እዚያው ወደድኩት። እንዲሸጥብኝ አልፈለግሁም።

የባሩድ ሐኪም ዶክቶራ ኢማን ትባላለች። ወጣት ናት፣ ስትራመድ የምትሮጥ የምትመስል፣ ቶቧን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ የምትሠራ። መጥታ እጄን ያዘችና የባሩድ ጀርባ ላይ ለጠፈችው።

"ሆዱን አትይ" አለችኝ። "ሆድ ይዋሻል። ሣር የጠገበ ፈረስ ሆዱ ተነፍቶ ጀርባው ባዶ ሊሆን ይችላል። ከአከርካሪው ግራና ቀኝ ያለው ሥጋ መዳፍሽን ይሙላው። አጥንቱ ሾሎ ከወጣ ጡንቻው ጎድሏል ማለት ነው።"

ከዚያ እጄን ወደ አንገቱ ወሰደችው። "ከጋማው ሥር የሚወዛወዝ ነገር ካገኘሽ እሱ ስብ ነው፤ ደስ እንዳይልሽ። ስብ ስትጫኚው ይገባል፤ ጡንቻ ግን ይመልስልሻል።"

በመጨረሻ ከኋላው ራቅ አድርጋ አቆመችኝ። "አራቱም እግሩ እኩል ይቁም፤ አንዱን ካሳረፈ አይቆጠርም። ጭራውን መሀል አድርጊና ግራና ቀኙን አመዛዝኚ። ሁልጊዜ እዚሁ ቦታ፣ እንደዚሁ ቆሞ። ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ ካየሽው ብርሃኑ ያታልልሻል።"

ትምህርቱ ደስ አለኝ። ወጥ ቤት ገብቼ ራሴን መረመርኩ። ሆዴን ብጫነው ገባ። ጠበቅሁት፤ አልመለሰልኝም።

ጣጣው የመጣው ዶክቶራ ከቦርሳዋ ሜትርና ፎቶ ማንሻ ስታወጣ ነው። በየሳምንቱ ዙሪያውን ለክቼ፣ ከጎንና ከኋላ ፎቶ እንዳነሳው ፈልጋ ነበር። ሐቡባ ከኒም ዛፍ ሥር "ላ" አሉ። ላ ማለት በአረብኛ አይሆንም ማለት ነው፤ ሐቡባ ሲሉት ደግሞ በማንኛውም ቋንቋ ይገባል።

"በቁሙ የሚለካ የለም" አሉ። "ሜትር የሚወጣው ለከፈን ነው። ፎቶውም ማን እጅ እንደሚገባ አላህ ይወቅ። ማን እንደሚያየው፣ በምን ዓይን እንደሚያየው።"

ዶክቶራ እንድረዳት ወደ እኔ ዞረች። እኔ መሬት መሬት አየሁ፤ እውነቱን ለመናገር ከሐቡባ ጋር ነበርኩ።

"እንግዲያው እጅሽ ብቻ ቀረ" አለችኝ። "ተማሪዎቼን ይዤ ገዳሪፍ ልወርድ ነው፤ ለዒድ ዋዜማ ነው የምመለሰው። በየጁምዓው እደውላለሁ። አንገቱን፣ ጀርባውን፣ ታፋውን እየዳሰስሽ ጎዶሎ፣ መካከለኛ ወይም ሙሉ ትይኛለሽ። እኔ በዚያ ላይ ተነሥቼ ቀለቡንና እንቅስቃሴውን እወስናለሁ። ከዚህ በኋላ ዓይኔ አንቺ ነሽ።"

ሐቡባ ዓይን የሚለውን ቃል ሲሰሙ ከዓይን ይጠብቃል የሚሉትን ቁል አዑዙ መቅራት ጀመሩ።

የመጀመሪያው ጁምዓ ቀላል ነበር። ስልኩ ሳሎን ተደወለ፣ አነሣሁ፣ "ጀርባው ጎዶሎ፣ ግራ ታፋው በጣም ጎዶሎ" አልኩ። እውነት ነው። ዶክቶራም በርሲም የሚሉትን ለምለም ሣር፣ ትንሽ ማሽላ፣ ከኦቾሎኒ ፋጉሎ ደግሞ ጭብጥ አዘዘች። ጠዋት ጠዋት በገመድ እየሳብኩ ወንዙ ዳር አሸዋ ላይ እንዳራምደው፣ የወንዙን አፋፍ ቀስ ብሎ እንዲወጣና እንዲወርድ፣ መሬት ላይ በተጋደሙ እንጨቶች ላይ እግሩን እያነሣ እንዲሻገር ነገረችኝ። ይህ ሁሉ ለጀርባና ለታፋ ነው አለች። ለማን ጀርባና ታፋ እንደሆነ ግን አልገለጸችም። በሳምንቱ የተንቀጠቀጠው የእኔ ባት ነው።

ጡብ ሠራተኞቹ በየቀኑ ስናልፍ ያዩናል። "ያ ሐበሺያ፣ አንቺ ነሽ እሱን የምታራምጂው እሱ ነው አንቺን?" ይሉኛል። መጀመሪያ ላይ እኔ ነበርኩ።

ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ስዳብሰው ጀርባው መለሰልኝ። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። ሁልጊዜ እንደማደርገው እጄን ዘርግቼ ጫን ስለው፣ ከታች አንድ ነገር ቀስ ብሎ መዳፌን ገፋው። ወደ ኋላ ሄጄ ቆምኩ። ጭራው መሀል፣ አራቱም እግሮቹ እኩል። ግራው ትራስ ማበጥ ጀምሯል። ደስታዬን አልቻልኩትም፤ ወደ ኒሙ ዛፍ ሮጥኩ።

"ሐቡባ፣ ባሩድ እኮ ጀርባው—"

አፌን በእጃቸው አፈኑት። "ያ ቢት፣ አንቺ ልጅ፣ ግድግዳም ይሰማል" አሉኝ በሹክሹክታ። ከዚያ እሳቸው ራሳቸው ተነሥተው፣ ከአልጋቸው ለሶላት ካልሆነ የማይነሡት ሴትዮ፣ ሄደው ዳሰሱት። ፊታቸው በራ። "ምስኪን" አሉት አንገቱን እያሻሹ። "ምስኪን፣ አጥንት ብቻ።"

ጁምዓ ዶክቶራ ደወለች። ሐቡባ ከስልኩ አጠገብ ተቀምጠው በዓይናቸው ይዘውኛል።

"ጀርባው እንዴት ሆነ?"

"ምስኪን" አልኩ። "ጎዶሎ ነው ዶክቶራ።"

"ምንም አልጨመረም?"

"ምን ይጨምራል ብለው ነው።"

እዚህ ላይ አትፍረዱብኝ። ውሸት ነው ብዬ አላሰብኩም። ጨዋነት ነው ያልኩት። ያገሬ ሰው ጎተራው ሞልቶ እየፈሰሰ "አዝመራው እንዴት ነው?" ሲባል "ይመስገን፣ እንደነገሩ ነው" ብሎ አይደል የሚያልፈው? ሰሚውም ጎተራው መሙላቱን ያውቃል። ዶክቶራ ግን የሰማችውን አመነች። በርሲሙን ጨመረችው። ማሽላውን ጨመረችው። አፋፉንም ደጋግሞ እንዲወጣ አዘዘች።

ባሩድ አደገ። እኛም በዚያው ልክ "ምስኪን" ማለታችንን ጨመርን። ታፋው በጠነከረ ቁጥር በስልኩ ላይ ድምፄ እየቀጠነ ሄደ፤ አንድ ጊዜማ ራሴን ለቅሶ ቤት ያለሁ መስሎኝ ሳላስበው አፍንጫዬን ጠረግሁ። ዶክቶራ በዚያኛው ጫፍ በረጅሙ ትተነፍሳለች። ከዚያ ፋጉሎ ትጨምራለች።

በመሀሉ አንድ ጠዋት አፋፉ ላይ እንዳለን ከወንዙ ወፍ ብድግ አለና ባሩድ ደነበረ። ገመዱን እጄ ላይ ጠምጥሜው ነበር፤ እንዲህ አታድርጊ ተብዬ ነበር፣ አደረግሁ። እየሮጥኩ ነው ለማለት እግሬ መሬት መንካት ነበረበት። በጡብ ማቃጠያዎቹ መሀል፣ ለፀሐይ በተሰጣ ጥሬ ጡብ ላይ፣ ከዚያ ጭቃ የሚረገጥበት ጉድጓድ ውስጥ። ነጠላዬ አንዱ ምድጃ ላይ ቀረ። ሠራተኞቹ ከጭቃው ሲያወጡኝ ፈረሱ ከአጠገቤ ቆሞ በርኅራኄ ያየኛል። የረገጥነው ጡብ ላይ ሁሉ ግማሹ የፈረስ ኮቴ፣ ግማሹ የእኔ ክርን ታትሞ ነበር። ዛሬ ጀሪፍ ውስጥ ክርኔ ያለበት ቤት ይኖራል ብዬ አስባለሁ።

ጁምዓ ሆነ። ወገቤ ላይ ጨርቅ አስሬ፣ በአንድ እግሬ ቆሜ ስልኩን አነሣሁ።

"ጉልበት አለው?" አለችኝ ዶክቶራ።

"ኧረ የለውም፣ ምስኪን" አልኳት።

ሐቡባ በዚህ አልበቃቸውም። ባሩድ ሲያልፍ መንገደኛ እየዞረ ማየት ጀምሮ ነበር። ስለዚህ ጀርባውንና ታፋውን የሚሸፍን የማሽላ ጆንያ አሰፉለት፤ ከአንገቱ ላይ አሮጌ ጫማ አንጠለጠሉበት፤ የሚያብረቀርቀውን ጥቁር ፀጉሩን ደግሞ በየጠዋቱ አመድ እንድቀባው አዘዙኝ። አጥቤ፣ ቦርሼ፣ ከዚያ አመድ እቀባዋለሁ። እንዲያ ሆኖ ሲቆም ከየትኛውም ጋሪ የተባረረ ፈረስ ይመስል ነበር። ሐቡባ ከሩቅ ያዩትና በኩራት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

ዒድ ሲቃረብ፣ አንድ ጁምዓ ከሶላት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ዓም ጁማ ገመድ ይዞ ቆሟል። አሁን ስለ ዓም ጁማ ያልነገርኳችሁ አንድ ነገር አለ፤ ዓይኑ ከባድ ነው ይባላል። ረክሻ የሚሉትን የጎረቤቱን አዲስ ባጃጅ "ወላሂ ታምራለች" ብሎ ገና አፉን ሳይዘጋ ጎማዋ ወልቆ ብቻውን ወደ ገበያ ሄደ አሉ። እሱ በሚያልፍበት መንገድ ሰዎች ልጃቸውንና ፍየላቸውን ወደ ውስጥ ያስገባሉ። እሱ ራሱ ይህን ያውቃል፣ ያዝናልም፤ ግን ዓይን ምን ይደረጋል።

"ሙዕታሲም ደውሎልኛል" አለ ሰላምታውን ሲጨርስ። "ዶክቶራዋ ምንም ለውጥ የለውም አለችው። አዝኖ ነው የነገረኝ። ካሻህ ውሰደው ብሎኛል።"

ከዓይን እንጠብቀዋለን ብለን፣ በገዛ አፋችን ለካሮ አስረክበነዋል ለካ።

ዓም ጁማ ግን ገዢ ነው፤ ገዢ ደግሞ ያራክሳል። ባሩድን ዞረውና ከንፈሩን መጠጠ። "ይሄ ፈረስ ነው?" አለ።

"ምስኪን" አሉ ሐቡባ፣ ሳያስቡት።

"ጀርባም የለው።"

"የለውም።"

"ታፋውም የሞተ ነው።"

"የሞተ ነው።"

እንዲህ የተስማሙ ገዢና ሻጭ አይቼ አላውቅም። ዓም ጁማ ገመዱን የባሩድ አንገት ላይ ሲያስር ነው ሐቡባ ምን እያሉ እንደሆነ የገባቸው። አፋቸውን ከፈቱ። ፈረሱ ጠንካራ ነው ሊሉ ነው። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ የወጣው ግን አሁንም "ምስኪን" ብቻ ነው። ዕድሜ ልክ ያልለመደ አፍ በአንድ ቀን ከየት ያመጣዋል? ያውም ዓም ጁማ ፊት።

በዚህ መሀል ሳሎን ስልኩ ጮኸ። ዶክቶራ ናት።

"እንዳዘንሽ አውቃለሁ" አለችኝ። "እኔም አዝኛለሁ። ያልሞከርኩት የለም። ምናልባት ነርቩ ተጎድቶ ይሆናል። ለካሮ መሆኑን አሁን ነው የሰማሁት፣ ካሮ አይችልም ብዬ ልነግረው ነው፣ ግን—"

የስልኩን ገመድ እስከ በሩ ጎተትኩት። ባሩድ አንገቱን ወደ እኔ አዙሮ ያያል፤ አሮጌው ጫማ ይወዛወዛል። ቢስሚላህ አልኩና ዓይኔን ጨፈንኩ።

"ዶክቶራ፣ ሙሉ ነው" አልኩ። ድምፄ ግቢውን ሞላው።

"ምኑ?"

"ሁሉም። ጀርባው መዳፌን ሞልቶ ተርፎታል። ስጫነው ይመልስልኛል፣ እንዲያውም ይገፋኛል። ግራ ታፋው ከቀኙ እኩል ነው። አፋፉን እኔ ሳልደርስ ይወጣዋል። ጎትቶ ጭቃ ውስጥ ጥሎኝ ገና ወገቤ አልዳነም።"

ሐቡባ ፊታቸውን በቶባቸው ሸፈኑ።

"ባለፈው ጁምዓ ጎዶሎ ነው አላልሽኝም?" አለች ዶክቶራ።

"ብዬዎታለሁ።"

"ለምን?"

"ደህና ስለነበረ።"

"ከዚያ በፊትስ?"

"ያኔም ደህና ነበር።"

ስትተነፍስ ሰማኋት። "እሺ" አለች ቀስ ብላ። "የእውነት ጎዶሎ ቢሆን ኖሮስ ምን ትይኝ ነበር?"

አሰብኩበት። "ያን ጊዜማ ዝም እል ነበር" አልኳት።

እኔ ስልክ ላይ እያለሁ ዓም ጁማ ጆንያውን ገፍፎ ጣለው። ቆመ። በእጁ አመዱን ጠረገና ታፋውን ዳሰሰ። ጋሪ ነጂ ነው፣ ሲዳስስ ያውቃል። ገመዱን ጠበቅ አድርጎ ያዘ።

"ሐቡባ" አለ ፈገግ ብሎ፣ "አሁን ነው የፈለግሁት። ልጅሽ ውሰደው ብሎኛል።"

ሐቡባ ከአልጋቸው ተነሡ። ሄደው በሩ መሀል ቆሙ፤ ትንሽ ናቸው፣ በሩ ግን ሞላ። ቀጥሎ የተናገሩትን ጥርስ እንደሚነቀልበት ሰው እያማጡ ነው የተናገሩት።

"ልጄ ያለው ታፋው ካልተስተካከለ ነው" አሉ። "ተስተካክሏል። ግራውና ቀኙ አንድ ነው። ፈረሱ..." ቆሙ፣ ምራቃቸውን ዋጡ። "ፈረሱ ጠንካራ ነው። ቆንጆ ነው። የልጄ ፈረስ ከዚህ ቤት አይወጣም።"

ዓም ጁማ እሳቸውን አየ፣ ፈረሱን አየ፣ እኔን አየ። ገመዱን ከባሩድ አንገት ፈታ። ሰውየው ክፉ አይደለም። ለመሰነባበት ያህል ታፋውን መታ መታ አደረገና፣ ከልቡ፣ "ማሻአላህ" አለ።

ሐቡባ በሩን ደገፍ አሉ። ሁላችንም ባሩድ አሁን ይወድቃል፣ አሁን ይወድቃል ብለን ጠበቅን። ባሩድ እግሮቹን አስተካክሎ ቆመ፣ ጭራውን ቀስ ብሎ አነሣ፣ ከዚያ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ግቢው እስኪያስተጋባ ፈሳ።

"አልሐምዱሊላህ" አሉ ሐቡባ። "ዓይኑ ወጣለት።" ዓም ጁማም ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ነገር ስላልወደቀ ይሆናል፣ ከሁላችን በላይ ሳቀ። ሻይ ጠጥቶ ነው የሄደው።

ዶክቶራ ለዒድ ዋዜማ እንደመጣች ቶቧን ሸብ አድርጋ በእጇ አየችው። ጀርባው ሙሉ፣ ታፋዎቹ እኩል። ደስ አላት። ወደ አንገቱ ስትደርስ ግን እጇ ቆመ። ከጋማው ሥር ያዘችና ወዘወዘችው፤ ተወዛወዘ።

"ይኸውላችሁ" አለች። "ለምስኪኑ ፈረስ ያዘዝኩትን ሁሉ ይሄኛው በልቶታል።" ማሽላውን ከለከለች፣ በርሲሙን ቀነሰች። ፎቶም እንዲነሳ ግድ አለች። ብዙ ከተከራከሩ በኋላ ሐቡባ ጫማው ከአንገቱ ካልወረደ ብለው ፈቀዱ። ስለ ጁምዓው ስልክም ስምምነት ላይ ተደረሰ፤ እኛ ምስኪን ስንል እሷ ሙሉ ብላ ትይዛለች፤ ዝም ካልን መኪናዋን አስነሥታ ትመጣለች።

ሙዕታሲም ለዒድ ገባ። ባሩድን አየው፣ ዞረው፣ ግንባሩን ግንባሩ ላይ አድርጎ ብዙ ቆመ። በማግሥቱ ጋልቦት ወንዙ ዳር ሲወርድ እኔ አፋፉ ላይ ቆሜ ነበር፤ ግራው ታፋ ከቀኙ ጋር እኩል ሲሠራ በዓይኔ አየሁ። አለቀስኩ፤ አቧራ ነው አልኩ።

በዚያው ዒድ አንዲት የሐቡባ ዘመድ ከአርካዊት ሰፈር ለጥየቃ መጣች። ሻይ ሳቀርብ አተኩራ አየችኝ። "ይህች ልጅ እንዴት ናት? ከተስማማሽ እኔ ልውሰዳት" አለች።

ሐቡባ ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። "ምስኪን" አሉ። "ምንም አትረባም። ሰነፍ ናት። አጥንት ብቻ።" ትሪውን ይዤ ቆምኩ። ያዩኝ ባሩድን በሚያዩበት ዓይን ነው። ለካ እስከዛሬ ለእንግዳ ሁሉ ያን ሲሉ የከረሙት ለዚህ ነው። ድስቶቹን ሁሉ ይቅርታ ልጠይቃቸው ፈለግሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ሐቡባ ሲነቅፉኝ ልቤ ይሞቅ ነበር፤ አንድ ቀን ቢያመሰግኑኝ ግን ሻንጣዬን አዘጋጃለሁ እያልኩ ለራሴ እቀልድ ነበር።

ዓመታት አልፈው ወደ አገሬ የምመለስበት ቀን ደረሰ። ባሩድን ለመጨረሻ ጊዜ ዳሰስኩት፤ አርጅቷል፣ ግን መለሰልኝ። የሚወስደኝ አምጃድ የሚሉት ትንሽ ታክሲ በሩ ላይ ቆሞ ሻንጣዬ ተጫነ። ሐቡባ ምርኩዛቸውን ይዘው እስከ መንገዱ ወጡ። እኔን አላዩኝም። ለሹፌሩ ነው የተናገሩት።

"ቀስ ብለህ ንዳ" አሉት። "የያዝከው ወርቅ ነው። እንደዚህች ልጅ ያለ እዚህ ቤት አልገባም።"

ያኔ ነው መሄዴ የገባኝ፤ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። መኪናው ሲነሣ በመስኮቱ ዞሬ አየሁ። በእኔ ቦታ የገባችው አዲሷ ልጅ የሻይ ትሪ ይዛ ከሐቡባ ኋላ ቆማለች። የተባለውን ሁሉ ሰምታለች፤ በዚህ ምድር ላይ እንደ እኔ የምትጠላው ሰው እንደሌለ ከፊቷ ያስታውቃል።